አክስቴ ያልመረቁት ምርቃት

ጠበቃ ነኝ፤ ቢሮዬ ደሴ ነው። ሥራዬ በአብዛኛው የውርስና የቦታ ክርክር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጣ ሲባል የባንኮችና የስልክ ኩባንያዎች ጣጣ ነው ብዬ አልፌው ነበር። መጀመሪያ ያስፈለገኝ ለገዛ አክስቴ ሆነ።

አክስቴ ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት። ሰፈሩ በምርቃታቸው ያውቃቸዋል፤ መንገደኛም ሆነ ተማሪ ሳይመረቅ ከቤታቸው አይወጣም። ግን ዝም ብለው አይመርቁም። አስቀምጠው፣ ምን እንደገጠመህ ጠይቀው፣ ሰምተው ነው እጃቸውን የሚዘረጉት። አንድ ሠርግ ላይ ሲመርቁ የተቀዳ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ወጣ። ያንን ያገኘ አንድ ሰው ድምፃቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጠንቶ፣ ስም ለላከለት ሁሉ በእሳቸው ድምፅ ምርቃት ይሸጥ ጀመር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኼ ነው። በጣም ተናደድኩ።

አዋጁን አገላበጥኩት። ድምፅም የግል መረጃ ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም፤ ይጥፋልኝ ማለትም መብት ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ለብቻው የወጣ ሕግ ገና ስለሌለን ባለን አንቀጽ ነው የምንሟገተው። አቤቱታ ለማርቀቅ ስቀመጥ የቸገረኝ ማስረጃ ነበር። ሰውየው “ራሳቸው የተናገሩትን ነው የቀዳሁት” ቢልስ? አክስቴ ያልመረቁት ሰው ከየት ይገኛል?

ተገኘ፤ የራሳቸው ልጅ። ሳታስፈቅድ አግብታ ሐርቡ ከገባች ወዲህ አላናገሯትም። አክስቴ ሲያኮርፉ ከልብ ነው። አንድ ጓደኛዋ ያንን ምርቃት በስሟ አሠርታ፣ ምንም ሳትል ላከችላት። እሷም የእናቷ መስሏት እያለቀሰች ደወለችልኝ።

“እማ አውፍ አለችኝ፣ ይቅር አለችኝ! እርጉዝ መሆኔን ነግረሃት ነው፣ ወላሂ!”

አልነገርኳቸውም ነበር። ለእሷም እውነቱን ለመናገር አንጀቴ እምቢ አለኝ።

ለጠበቃ ግን ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም። “አመልካች ይህችን ልጃቸውን ካገባች ወዲህ መርቀው አያውቁም” ብዬ ጻፍኩ። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርጄ ልጂቱ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳቸውና አቤቱታውን አነበብኩላቸው።

“እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።”

“እስቲ ያችን ድገማት” አሉ።

ደገምኳት።

“እውነት ነው። ግን ልጄን አልመረቅኩም ብዬ ለመንግሥት ልፈርም? ያውም አርግዛ?”

“ካልፈረሙ እኮ ሰውየው ያመልጠናል።”

“አብሽር። ስልክህን አምጣ።”

ልጂቱ ስታነሳ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። “ያ የሰማሽው እኔ አይደለሁም፤ ማሽን ነው” አሏት። ደነገጥኩ፤ ልጂቱን ጨርሰው የሚሰብሯት መሰለኝ።

“አሁን የምትሰሚው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ንገሪኝ። እህል ይስማማሻል? ባልሽስ ይንከባከብሻል?”

ብዙ አዳመጡ፤ አንዳንዴም በመሐረባቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ስልኩን አስይዘውኝ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

“አላህ ያግራልሽ። በሰላም ያገላግልሽ። ኸይሩን ያምጣልሽ፣ ሸሩን ያርቅልሽ። አሚን በይ።”

አሚን አለች። እኔም አሚን አልኩና በሌላው እጄ እስክሪብቶ አንስቼ ያችን መስመር ሰረዝኳት፤ እውነት መሆኗ ቀርቶ ነበር።