ኮርሱና የሰበታ መንገድ

ዛሬ ሁሉም «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ሲል ስሰማ ሳቄ ይመጣል። በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን፣ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ይህን የሚያስተምር አንድ ኮርስ ላስገባ ብዬ ያላየሁት ፊት የለም። «ቀጣሪ ያልጠየቀውን ማን ይማረዋል?» ይሉኛል። እሺ፣ ቀጣሪ አመጣለሁ አልኳቸው። በመጨረሻው የሥርዓተ ትምህርት ስብሰባ ላይ ቀጣሪ ቀርቦ ካልተናገረ ኮርሱ ይሰረዛል።

ያገኘኋት ቀጣሪ ሰበታ ያለ የጠርሙስ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበረች። የተሰነጠቀውን ጠርሙስ በካሜራ የሚለይ ማሽን አላቸው፤ ሲበላሽ የሚያስተካክለው ሰው ከውጭ አገር ነው የሚመጣው። በዩኒቨርሲቲው መኪና ልወስዳት ጠዋት ሄድኩ።

መኪና ውስጥ ገና እንደተቀመጠች አናደደችኝ። የስብሰባዎቻችን ልማድ የታወቀ ነው፤ እንግዳው «ተማሪዎቻችሁ ጎበዞች ናቸው፣ የተግባር ልምምዱ ትንሽ ቢጨመር» ይልና ምሳውን በልቶ ይሄዳል። እሷም ተመራቂዎቻችን የጎደላቸውን ትታ ይህንኑ ልትል ነው። «ሰው ቤት ተጋብዤ ክፉ አልናገርም» አለችኝ። ላስረዳት ስጀምር ሹፌሩ ፍሬን ያዙ።

መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ጎማ ይነዳል። ወጣቶች ከበቡን።

«የመንግሥት ታርጋ ነው!» አለ አንዱ፤ ሌላው ጣሪያውን በዱላ መታ።

ጃኬት የለበሰ ወጣት ወደ መስኮቱ ቀረበ። «ኦቦ፣ ሞተሩን ያጥፉ» አላቸው ሹፌሩን፣ አዛውንት ናቸውና። ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር ነኝ» አልኩት።

«አውቅዎታለሁ ባርሲሳ» አለኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለቱ ነው። «እናንተ ጋ ነው ኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቅሁት። እሷስ?»

የፋብሪካውን ስም ራሷ ነገረችው። ምነው ዝም ባለች አልኩ በሆዴ።

«ፋብሪካችሁ የአባቴ እርሻ ላይ ነው የቆመው። ዲግሪዬን ይዤ ስመጣ ከበር ነው የመለሳችሁኝ። ለምንድነው የማትቀጥሪኝ?»

ስለ እግዚአብሔር፣ ዋሺ! ልላት ምንም አልቀረኝም።

«የምፈልገውን ስላልተማርክ» አለችው። «የሚያውቀውን ሰው ከውጭ ነው የማስመጣው።»

ወጣቱ አልጮኸም። «ምንድነው እሱ?» አለኝ። ማሽን ምስል እያየ እንዲለይ ማስተማር ነው፣ የምንሄደውም ለዚሁ ኮርስ ነው፣ ዛሬ ይወሰናል አልኩት።

«ለተመረቅነውስ?»

«ተመራቂም ገብቶ እንዲማር እጠይቃለሁ።»

ጓደኞቹን በኦሮምኛ ተከራከራቸው፤ አንዳንዶቹ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ራሱ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አንከባለለ። «ስትመለሱ እዚሁ ነኝ። ንገሩኝ» አለ።

ስብሰባው ላይ ሰብሳቢው እንደ ልማዱ «ተመራቂዎቻችንን እንዴት አገኛችኋቸው?» ሲል ሥራ አስኪያጇ ተነሣች። «ዛሬ ጠዋት አንዱን ፊት ለፊት አልቀጥርህም አልኩት። ጥፋቱ የእሱ አይደለም» አለች። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልቀረላትም። ኮርሱ ጸደቀ፣ ለተመራቂዎችም ክፍት እንዲሆን ተወሰነ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰበታ ስንመልሳት ለወጣቱ እንዴት ብዬ እንደምነግረው እያሰብኩ ነበር። ስንደርስ መንገዱ ተከፍቷል። ድንጋዩ ቦይ ውስጥ ተገፍቷል፤ ወታደሮች ግራና ቀኝ ቆመዋል። አንድ ነጠላ ጫማ አስፋልቱ ላይ ወድቋል።

«ትንሽ ያቁሙልኝ» አልኳቸው ሹፌሩን።

«ተው የኔ ልጅ» አሉና ነዱ።

መስኮቱን አውርጄ ፋብሪካው በር እስክንደርስ ድረስ ወደ ኋላ አየሁ። የምነግረው ሰው አልነበረም።