ኮርኒሱን የመረጡልኝ ሽማግሌ

ባሕር ዳር ውስጥ ጣና ዳር ያለ አሮጌ ቤት ገዝቼ ሳሳድስ የገጠመኝ ነው። እንግዳ የሚያየው ግድግዳውን ስለሆነ ውዱን ቀለም ለግድግዳው፣ ርካሹን ለኮርኒሱ ላደርግ አስቤ ነበር። ከሁለቱም ገዝቼ ጠዋት ቀለም ቀቢውን ስጠብቅ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ በተከፈተው በር ገቡ።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ? ቀለሙ ይኸውና» አልኋቸው።

ጋሎኖቹን አየት አደረጉና ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ። «ና፣ አንተም ተኛ» አሉኝ። አሠራራቸው እንዲህ ይሆናል ብዬ እያፈርሁ አጠገባቸው ተኛሁ። ሐይቁ ላይ ያረፈችው ፀሐይ በመስኮቱ ገባች፤ የውኃው ብርሃን ኮርኒሱ ላይ ይወዛወዝ ጀመር። ወለሉ ከሥሬ የሚንሳፈፍ መሰለኝ።

«ግድግዳውን ቁም ሣጥን ይጋርደዋል» አሉ ቀስ ብለው። «ኮርኒሱን ግን የሚጋርደው የለም። የታመመ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው እሱን ነው። ውዱን ለእሱ አድርገው።»

«ለግድግዳውስ?»

«ርካሹ ይበቃዋል።»

እንዲህ እያሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የእኔም ዓይን ሊከደን ሲል በሩ ላይ ብሩሽ የያዘ ጎልማሳ ቆሞ አየሁ።

«ዘገየሁብህ፤ ቀለም ቀቢው እኔ ነኝ» አለኝ። ሽማግሌውን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሼህ እንድሪስ ናቸው እኮ፣ ጀልባ ሠሪው። ይህ ቤት የእሳቸው ነበር፤ የሸጠልህ ልጃቸው ነው። አሁን አሁን ይረሳሉ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው ሁለታችንንም ትክ ብለው አዩን።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ልጆቼ» አሉ። «ማንን ፈልጋችሁ ነው?»