የትርንጎን አጨዳ የነጠቅሁ ለት

በ2009 ዓ.ም. የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበርሁ። ያን ዓመት ያደረግሁትን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ለእናንተ ልናገረው።

አንድ የኮኪት ከተማ መምህር፣ ቀድመው ወደዚህ ቆላ የወረዱ ሰዎችን ታሪክ ለተማሪዎቹ ሊጽፍ ቤታችን መጣ። እኔን አልነበረም የጠየቀ፤ ባለቤቴን ትርንጎን ነው። «እማማ፣ የመጡበትን ዓመት ያጫውቱኝ» አላት።

«እኔ ያን ዓመት ሰሊጡን...» ብላ ስትጀምር ከአፏ ነጠቅኋት። «እሷ ምን ታውቃለች፤ ውኃ ስታቀብል ነበር» አልሁ።

ውኃ! ቆላ በወረድንበት ዓመት ወባ ጥሎኝ አልጋ ላይ የነበርሁ እኔ ነኝ። ሰሊጡ ደርሶ አፉን ሊከፍት ነው፤ ከከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፣ አበቃ። ከጎጃም የመጡት የቀን ሠራተኞች «አሠሪ ወንድ የለም» ብለው ወደ ሽንፋ ሊሄዱ ጓዛቸውን ጠቅልለዋል። ትርንጎ ማጭድ ይዛ ወጣችና «እዚያች ግራር ድረስ አጭጄ ከቀደምኋችሁ ትቀራላችሁ?» አለቻቸው። ሳቁባት። ቀደመቻቸው። አንዱ «እሜቴ፣ እንኳን ባልሽ ታመመ!» ብሎ ቀለደ፤ ቀሩም። አሥራ አንድ ቀን አብራቸው አጭዳ፣ ነዶውን አስራ፣ እንዲደርቅ እርስ በርሱ አስደግፋ ሂላ ሂላ አድርጋ አቁማ ጨረሰች።

ይህን ሁሉ ለመምህሩ የራሴ አድርጌ ነገርሁት። እኔ ቀደምኋቸው አልሁ። እኔ አጨድሁ አልሁ። ግራሯን እንኳ አልተውሁላትም። ከየት አወቅሁት? ራሴን ደግፋ አጥሚት ስታጠጣኝ እሷው አጫውታኝ እንጂ! ለምን አደረግሁት? ማን አስገደደኝ? ወንዱ ተኝቶ ሴቷ አጨደች እንዳይባል ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ብፈልግም አላገኝ።

መምህሩ ወደ እሷ ዞሮ «እማማ፣ እርስዎስ የሚጨምሩት አለ?» አላት።

«ኧረ ተናግሮታል ልጄ፤ አንድም አላስቀረ» አለች።

ባለፈው ጥር አረፈች። ይቅር በይኝ የምላት የለችም። እናንተም ቶሎ ይቅር አትበሉኝ።

ያኔ፣ ታሪኩን በነገርሁት በማግስቱ ጧት፣ መምህሩ በደህና ወረቀት ገልብጦ አመጣውና «ትክክል ከሆነ ይፈርሙልኝ» አለኝ። ትርንጎ ወረቀቱ እንዳይቆሽሽ በርጩማውን በቀሚሷ ጠርጋ አቀረበችልኝ። እኔም አጎንብሼ፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምሁ፣ ስሜን ጻፍሁበት።