የጾመኛዋ ውሻ ሰገራ

በእኛ ቤት ሁዳዴ ሲገባ ውሻዋም ትጾማለች። ጻድቅ ሆና አይደለም፤ የምትበላው የእኛን ትራፊ ስለሆነ ነው። እኛ ሽሮ፣ እሷም ሽሮ። አባቴ ጾም ላይ ቀልድ አያውቅም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፉ አይዞርም።

ዘንድሮ ውሻዋ ከሳች። ጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር፤ ቂጧንም ሲሚንቶው ላይ ትጎትታለች። አባቴ «ውሻ ናት፤ ከሞተች ሌላ እናመጣለን» አለ። እኔ ግን አልቻልኩም፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ላለ የእንስሳት ሐኪም ደወልኩ። ትኩስ ሰገራ አምጪ አለኝ። በታጠበ የቫዝሊን ዕቃ ከድኜ ከልደታ ታክሲ ልይዝ ስወጣ አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ ተከተለኝ።

«እግረ መንገዴን ነው» አለ። ወዴት እንደሆነ አልተናገረም።

ታክሲ ውስጥ ዕቃውን ተቀብሎኝ በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ ያዘው። ከጎኑ የተቀመጡ እናት ጸበል መስሏቸው «ከየትኛው ደብር ነው?» አሉት።

«ከቤት ነው» አለ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ከማይክሮስኮፑ ቀና ብሎ «የኮሶ ትል እንቁላል ሞልቶታል። ምንድን ነው የምትበላው?» አለ።

«ሽሮ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

ከሰገራው ውስጥ በወረንጦ ያወጣትን ስባሪ አጥንት አሳየኝ። «ሽሮአችሁ አጥንት አለው እንዴ? ይሄ ትል የሚመጣው ከጥሬ ሥጋና ከሆድ ዕቃ ነው።»

አባቴ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የላም ፖስተር ማንበብ ጀመረ።

«ከገና ጾም ጀምሮ ነው» አለ በመጨረሻ። «እሷን ማን ጹሚ አላት? ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው የሙስሊም ሥጋ ቤት ትንሽ ሳንባ፣ ትንሽ ጉበት፣ ትንሽ አጥንት…»

ልስቅበት ነበር፤ ስንት ዓመት የጾም ስብከቱን ችዬዋለሁ። ግን ወደ ሐኪሙ ጠጋ ብሎ በቀስታ «እኔ ነኝ እንዴ ያሳመምኳት?» ሲለው ተውኩት።

«ትድናለች አባባ። ኪኒኑን ትውሰድ፤ ከእንግዲህ ግን ቀቅለው ይስጧት።»

በማግስቱ ጠዋት እናቴ «በሁዳዴ ሥጋ ምድጃዬ ላይ አይወጣም» ስላለች፣ በሕይወቱ ሻይ አፍልቶ የማያውቅ ሰውዬ ግቢ ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ሳንባ ይቀቅል ነበር። ሽታው ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰ። ቀምሶ ማየት ስለማይችል መብሰሉን በጣቱ እየጨመቀ አረጋገጠ። ኪኒኑን መሃል ላይ ሸጎጠና እፍ እፍ ብሎ አቀዝቅዞ በእጁ አጎረሳት። እኔን መጨረሻ ያጎረሰኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም። እውነቴን ነው፣ ቀናሁባት።