የደበዘዘው ኮት

የሰውን ልብስ አፍጥጦ ማየት ነውር ነው። ወደ ሰበታ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ዘወትር የማያት ሴት ግን ይህን የነገራት ያለ አይመስልም። ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፋች ሥዕል ስለምትሠራ፣ ዐይኗ ከተሳፋሪው ልብስ አይነቀልም።

ትናንት አጠገቧ የተቀመጡትን አዛውንት፣ «አባባ፣ ይህ ኮትዎ ሲያልቅ ለእኔ ይስጡኝ» አለቻቸው።

«ከኮቱ በፊት የማልቀው እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ሳቀችና ከቦርሳዋ አንድ የጨርቅ ሥዕል ዘረጋች፤ ትከሻው ብቻ ያልተሰፋ ሽማግሌ ነበር።

«አባቴ ነው። ሲያርፍ ልብሱን ሁሉ ለነዳያን ሰጠን፤ ፀሐይ ያደበዘዘው እንዲህ ያለ ቀለም ግን ከገበያ አጣሁ።»

አዛውንቱ ኮታቸውን አወለቁ። መቀሷን ስታወጣ ግን ደነገጡ።

«ቆዪ እንጂ! መጀመሪያ ኪሴን ልፈትሽ!»

ማመስገን ይገባት ነበር። እሷ ግን የኮቱን ትከሻ ወደ ሥዕሉ አስጠግታ፣ «አባዬ» ብቻ አለች።