በደጄ የታሰረው በሬ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ብቻ በረዶ በቆሏችንን ደፍጥጦት የእርዳታ ስንዴ ወደ ቀበሌያችን የመጣ ጊዜ ነው። ስንዴው ለሁሉ ስለማይበቃ፣ ለባሰበት ይሰጥ ተብሎ ኮሚቴ ተመረጠ። ጎረቤቴም አንዱ ኮሚቴ ሆነ።

የዚህ ጎረቤቴ በሬ የሚያድረው እኔ ደጅ ነበር። እኔ እቀልብለታለሁ፣ በምላሹ አርስበታለሁ፤ በአገራችን በሬ የሌለው ሰው እንዲህ አድርጎም ያርሳል። ታዲያ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስበን የእኔ ተራ ሲደርስ፣ ሰውዬው ተነስቶ "እሳቸው በሬ አላቸው፤ ደጃቸው ታስሮ አይቻለሁ" አለና አረፈው። የእኔ ስንዴ ቀረ። እሱ በሬ የለውም ተብሎ ወሰደ።

በገበያ ቀን በሬውን ፈትቼ ወደ ጅጋ ገበያ ነዳሁት። ከብት ተራ ስገባ ጎረቤቴ እያለከለከ ደረሰብኝ።

"አያ፣ በሬዬን የት ሊወስዱት ነው?"

"በሬ አላቸው ያልከው አንተ ነህ። የራሴን ብሸጥ ምን አገባህ?"

"ኧረ በሰው ፊት አያዋርዱኝ፤ የእኔ ነው።"

"እነዚህ የሰፈራችን ሰዎች አልሰሙህም፤ ጮክ በል።"

ጮክ ብሎ ተናገረ። ገበያተኛው ሳቀበት፤ እኔም አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስንዴው ግን ታድሎ አልቆ ነበር። የንስሐ አባቴ ይቅር በለው ሲሉኝ "መጀመሪያ ያስቀረብኝን ይመልስ" እላለሁ፤ እስከ ዛሬ አልመለሰም። ያን ክረምት ለእሸት ያበቃችኝ፣ ከዚያው ስንዴ በነጠላዋ ቋጥራ በጓሮ በኩል ታመጣልኝ የነበረችው የገዛ ሚስቱ ናት።