ኮዱ በማን ስልክ ይምጣ?

የራጅ ሥራዬ የተጀመረው በር በመክፈት ነው፤ በዚያው ሊያልቅም ትንሽ ነበር የቀረው። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ባለ አንድ የግል የምርመራ ማዕከል ጁኒየር ራጅ ቴክኒሻን ሆኜ ተቀጠርኩ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ግርማ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ያጥቡ ነበር። ሰላም ልበላቸው ብዬ በሩን ገፋ አደረግኩት። ብርሃን ገባና የአንድ ታካሚ ደረት ከፊልሙ ላይ ድራሹ ጠፋ።

"ስምሽ ማነው?" አሉኝ።

"አስካለ።"

"አስካለ፣ ይህ ሰውዬ በአንቺ ምክንያት እንደገና ሊነሣ ነው። ሂጂና ራስሽ ንገሪው።"

ሄጄ ነገርኩት። ሰውየው ምንም አልከፋውም። "እንኳንም ጠፋ ሲስተር፤ በመጀመሪያው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር" አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በሕክምና ቤት ነጭ ጋዋን የለበሰ ወንድ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ሴት ሁሉ ሲስተር ናት። እኔ ነርስ አይደለሁም፣ ራጅ አንሺ ነኝ እያልኩ ስከራከር ኖሬ፣ ጡረታ የወጣሁትም ሲስተር እንደተባልኩ ነው። አሁን ትቼዋለሁ።

በፊልም ዘመን ሥራው ግልጽ ነበር። የፊልሙን ካሴት አስተካክላለሁ፣ "ትንፋሽ ይሳቡ፣ ይያዙት" እላለሁ፣ አነሣለሁ። ፊልሙ ምስሉን የሚያወጣው ዴቨሎፐር ውስጥ ይገባል፣ ውኃ ያልፋል፣ ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ውስጥ ይገባል፣ ታጥቦ ይሰቀላል። ሲደርቅ ስም ተጽፎበት በትልቅ ቡናማ ፖስታ ይሰጣል። ታካሚው ፖስታውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ የዘነበወርቅ ታክሲ ይሳፈራል። ፊልሙ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ብብቱ ሥር ነው።

ሲቲ ስካን ሲመጣ ግራ መጋባት ጀመርኩ። የአንድ ሰው ሆድ እንደ ዳቦ ተቆራርጦ በብዙ መቶ ምስል ይወጣል። መጀመሪያ በሲዲ እንሰጥ ነበር። ቆይቶ ሲዲ የሚቀበል ኮምፒውተር ከሐኪሞቹ ጠረጴዛ ላይ ጠፋ። በፍላሽ ስንሞክር ደግሞ ፍላሹ የየሰፈሩን ቫይረስ ሰብስቦ ይመጣብናል።

ከዚያ በኢሜይል አያይዙ ተባልን። አያያዝኩ። "ፋይሉ ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው" ብሎ መለሰልኝ። የማዕከሉ ባለቤትም የምስል ሐኪማችንም የሆኑት ዶክተር ሰላማዊት፣ "እትዬ አስካለ፣ ከፋፍለው ይላኩት" አሉኝ። ከፋፍዬ ላክኩ። ብዙም ሳይቆይ የተቀባዩ ሐኪም ደወለ።

"የታካሚው ጉበት ደርሶኛል፤ ጣፊያው ግን የት ቀረ?"

ጣፊያውን ልኬዋለሁ። ከላክኳቸው መሐል አለ፤ ከደረሱት መሐል የለም። መንገድ ላይ የት እንደቀረ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ሰውየው ጣፊያውን የተነጠቀ ያህል ቅር ብሎኝ ዋልኩ።

አንድ ቀን እንግዳ መቀበያ ላይ አድራሻ ተሳሳተና የአንዲት ሴት ምስል፣ ከነሙሉ ስሟ፣ ለማናውቀው ሰው ደረሰ። ሰውየው ጨዋ ሆኖ "ይህ የእኔ አይመስለኝም" ሲል ጻፈልን። እኛ ስንስቅ ዶክተር ሰላማዊት አልሳቁም።

"ፊልም ቢሆን ሄደን እንቀበለው ነበር" አሉ። "ይህንን ምን ብለን ነው የምንቀበለው?"

በማግሥቱ የኮምፒውተር ባለሙያው በረከት ተጠርቶ አዲስ አሠራር ዘረጋ። ለእኔ የማስረዳቱ ዕዳም በእሱ ላይ ወደቀ።

"ከእንግዲህ ፋይሉ አይሄድም እትዬ አስካለ። የሚሄደው ሊንኩ ነው" አለኝ።

"ፋይሉስ?"

"ሰርቨር ላይ ተቆልፎ ይቀመጣል። ሐኪሙ በሊንኩ መጥቶ ያየዋል።"

"ሐዋሳ ያለ ሐኪም ቢሆንስ?"

"ሐዋሳ ቁጭ ብሎ ነዋ!"

"ታዲያ መጣ ነው የምንለው ወይስ አልመጣም?"

በረከት ሳቁን ዋጥ አደረገና ከሥሩ ጀመረልኝ። ሊንኩ አድራሻ ነው፤ አድራሻውን ያገኘ ሁሉ ግን አይገባም። ሐኪሙ ሊንኩን ሲነካው አንድ ኮድ ታካሚው ባስመዘገበው ስልክ በመልእክት ይገባል። ታካሚው ኮዱን ለሐኪሙ ይነግረዋል፣ ሐኪሙ ያስገባል፣ ምስሉ ይከፈታል። ሳምንት ሲሞላው ሊንኩ ይዘጋል። ኢሜይሉ የትም ተሳስቶ ቢሄድ ያለ ኮዱ ምንም አይታይም።

"ኮዱ ለሐኪሙ ለራሱ ቢላክ ምን ነበረበት?" አልኩት።

"ዶክተር ናቸው እንዲህ ይሁን ያሉት። ታካሚው ሳያውቅ ማንም እንዳያይ ብለው ነው።"

እንደ ትምህርት ቤት ልጅ በቃሌ ያዝኩት። ገባኝ ብዬ ግን አልዋሽም።

ወይዘሮ ሙሉነሽ የመጡት አሠራሩ ገና አፉን ሳይፈታ ነው። ከማዞሪያው ማዶ የቤት ዕቃ ይሸጣሉ፤ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ድስት። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ ወልደው ያሳደጉ፣ በዋጋ የማይበገሩ ሴት ናቸው። ጎናቸውን እያመማቸው ሲቲ ስካን ታዘዘላቸው። ያነሣኋቸው እኔ ነኝ። ስልካቸውን ሲጠየቁ በራሳቸው አፍ ቁጥር በቁጥር አስመዘገቡ።

ምስሉ ኩላሊታቸው ላይ ዕጢ አሳየ። ውጤቱን ልጃቸው ደግፌ ተቀብሎ ምርመራውን ላዘዘው ሐኪም ወሰደ። ሐኪሙም ለእሱ ነገረው። ደግፌ ለእናቱ የኩላሊት ጠጠር ነው አላቸው። በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚደረገው፤ እኔም በእናቴ ጊዜ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ደግፌ ሐዋሳ ስላለ አንድ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ሰማ። ከምስሉ ላይ መርጠን ያተምንለትን ፊልም ሳንሱሲ ሰፈር ካለው ቤቱ ወስዶ መስኮት ላይ ለጠፈው፤ በስልኩ አነሣውና በቴሌግራም ላከ። ስፔሻሊስቱ የመለሰለትን እኔ በዓይኔ አንብቤዋለሁ። "የመስኮትህን ብረትና የጎረቤትህን የልብስ ገመድ አይቻለሁ። ኩላሊት ግን አላየሁም። ዋናውን ፋይል ከነሙሉ ምስሉ አስልክልኝ። ዛሬ ከሰዓት ከባልደረቦቼ ጋር ተነጋግረን እንወስናለን፤ ካመለጠን የሚቀጥለው ከወር በኋላ ነው" ይላል።

ደግፌ ይህንን ይዞ እየሮጠ መጣ።

"ሲስተር፣ በኢሜይል አያይዘው ይላኩልኝ።"

"አይሸከመውም።"

"በቴሌግራምስ?"

"ስማቸው ያለበት ነገር በየስልኩ ሲዞር አይኖርም። በሊንክ እልከዋለሁ። ኮዱ በእናትህ ስልክ ይገባል፤ እሳቸው ለሐኪሙ ይነግሩታል።"

"በእኔ ቁጥር ይቀይሩት፣ በእመቤቴ! እማዬ አታውቅም።"

ያን ቀን ግራ እንደተጋባሁት ሌላ ቀን ተጋብቼ አላውቅም። በፖስታ ጊዜ ልጅ መጥቶ የእናቴን ራጅ ስጡኝ ካለ ሰጥቼዋለሁ። ያኔ ያልከለከልኩትን አሁን ምን ብዬ ልከልክል? ልጁም ክፉ አላሰበም። ጊዜው ደግሞ ይሄዳል። እኔ መወሰን ስላቃተኝ ዶክተር ሰላማዊት ጋ ይዤው ገባሁ።

"ምስሉ የማን ነው?" አሉት።

"የእናቴ።"

"ቁጥሩ ይቀየር ያሉት እሳቸው ናቸው?"

"ዶክተር፣ ብታውቅ ከበሽታው በፊት ድንጋጤው ይገላታል።"

"ሊያስደነግጣቸው ይችላል። ቁጥሩን ግን እሳቸው ሳይሉ አልቀይርም።"

"እርስዎም እናት አለዎት እኮ!" አለ ጮክ ብሎ።

ዶክተር ሰላማዊት አልተቆጡም። "እትዬ አስካለ፣ ሊንኩን ይላኩ" ብቻ አሉኝ። በውስጤ ጨካኝ ናት ብዬ አማኋቸው።

ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ ቆይቶ ፋይሉ ተጫነ። ሊንኩን ላክኩ። ስፔሻሊስቱ ደወለና ነካሁት፣ ኮድ እየጠየቀኝ ነው አለ። ደግፌ እዚያው ክፍሌ ውስጥ ለእናቱ ደወለ። ጆሮው ላይ ማድረጉን ረስቶ ድምፁን ለቆት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

"እማዬ፣ መልእክት ገባልሽ?"

"አሁን ገባ።"

"ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ንገሪኝ።"

"የምን ቁጥር ነው?"

"እ... የሲም ካርድ ነገር ነው።"

"አልነግርህም።"

"እማዬ!"

"ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ምን አለችኝ? በስልክ የገባ ኮድ ልጅሽም ቢጠይቅሽ እንዳትነግሪ አለችኝ። ይኸው ልጄ ጠየቀኝ! ደግሞ አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?"

ስልኩ ተዘጋ። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ደግፌ በአካል ሄጄ አያታለሁ ብሎ ወደ ሱቁ በረረ።

እሱ በፊት ለፊት ሲወጣ ወይዘሮ ሙሉነሽ በጓሮው ኮብልስቶን በኩል መጡ። ስልካቸውን በመዳፋቸው ጨብጠዋል። እጃቸው ላይ የሱቅ አቧራ አለ።

"ሲስተር፣ ይህንን እዪልኝ። የጎረቤቴ ልጅ የእናንተን ቤት ስም አነበበልኝ። ሌባ ነው ወይስ እናንተ ናችሁ?"

"እኛ ነን እትዬ ሙሉነሽ።"

"ምን ይሠራል ቁጥሩ?"

ምን ልበል? ብናገር የልጁን ምስጢር አወጣሁ። ዝም ብል ሐኪሙ ሳያይ ሰዓቱ ያልፋል። "ምስልዎን ይከፍታል" አልኳቸው በመጨረሻ። "ሐዋሳ ያለ ሐኪም ሊያየው ፈልጎ ነው።"

ስልኩን አገላብጠው አዩት።

"የጠጠር ፎቶ ሐዋሳ ድረስ ምን ያስኬደዋል?"

ወንበር ሳብ አድርጌ አቀረብኩላቸው።

"ደግፌ ሰሞኑን እየመጣ ሱቄን ይዘጋልኛል" አሉ። "ሳፋ ተሸክሞ ያስገባል። ልጅ ሆኖ እንኳ ሳፋ ተሸክሞልኝ አያውቅም። ዕድሜዬን የሰው ፊት እያየሁ ነው የሸጥኩት ሲስተር። የልጄ ፊት ይጠፋኛል?"

"እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምን እንደሆነ ልነግርዎ አልችልም። ዶክተርን ልጥራልዎ።"

"ቆይ፣ ትጠሪያታለሽ። መጀመሪያ ያኛው ይየው። ይህ ቁጥር ካልተነገረው አያይም?"

"አያይም።"

"ማን ነው የሚነግረው?"

"እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"ደውይልኝ" አሉ።

ደወልኩላቸው። ላንብብልዎ ስል ቁጥር እኔ አላጣም ብለው ከለከሉኝ። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው አንድ በአንድ ጠሩት። በወዲያ በኩል ቁልፍ ሲመታ ይሰማኛል። "ተከፈተ" አለ ስፔሻሊስቱ።

"በደንብ ይዩት ዶክተር" አሉት። "አይተው ሲጨርሱ ለልጄ አይደውሉ። ለእኔ ለራሴ ይደውሉልኝ፤ ሲስተር ቁጥሬን ትሰጥዎታለች።"

ስልኩን አስቀመጡ። ወደ እኔ ዞሩ።

"ለደግፌ እንዳወቅኩ አትንገሪው። ማታ ራቱን ከበላ በኋላ እኔው እነግረዋለሁ። ጠዋትም አልበላም፤ በባዶ ሆዱ ደንግጦ እንዳይወድቅብኝ።"

እንባዬ መጣ። አልደበቅኩትም። ክንዳቸውን ይዤ ዶክተር ሰላማዊት ክፍል አስገባኋቸውና በሩን ዘጋሁ።

ደግፌ እያለከለከ ተመለሰ። "ሱቁ ተዘግቷል! እማዬ የለችም! ሰዓቱም ሊያልፍ ነው!"

"ሐዋሳ ተከፍቷል" አልኩት። "እያዩት ነው።"

"ኮዱን ማን ነገራቸው?"

"የምስሉ ባለቤት።"

"አወቀች?"

"ዛሬ ማታ እናትህ ጋ ሂድና ራትህን ብላ።"

"ምን ማለትዎ ነው ሲስተር?"

"ሌላ የምለው የለኝም ልጄ። ራትህን ብላ።"

ወይዘሮ ሙሉነሽ ሐዋሳ ሄደው አንድ ኩላሊታቸው ወጣ። ከስተዋል፣ ግን ሱቃቸው አሉ። ባለፈው ሳፋ ልገዛ ሄጄ አንድ ብር አልቀነሱልኝም።

ጡረታ ልወጣ ስል አዲሶቹ ቴክኒሻኖች፣ አስታማሚው አጠገባችን ቆሞ እያለ የታካሚውን ስልክ መጠየቅ ሥራ ያበዛል አሉኝ። እውነት ነው፣ ያበዛል። ፋይሉ የት እንደሚቀመጥ በረከት ስንት ጊዜ አስረድቶኝ እስካሁን አልገባኝም፤ ስለዚህ ስለ እሱ እሱን ጠይቁት። የእኔ ምክር ይህ ነው። ትልቅ ፋይል በኢሜይል አታያይዙ፤ በሊንክ ላኩ። ሊንኩ የሚዘጋበት ቀን ይኑረው። ኮዱ በታካሚው ስልክ ይምጣ። ታካሚው ስልክ ከሌለው በማን ስልክ ይምጣ ብላችሁ ራሱን ጠይቁት።